አርባ ትንፋሽ

ዕጣው ሲወጣ ሃሴት መናፈሻ ሰፈር ታክሲ ተራ ላይ ቆማ አንድ ወፍራም ሰውዬ ወደ ኋላው እንዲመለስ እየመከረች ነበር። ታክሲዎቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ተራቸውንም አይሳሳቱም። ተሳፋሪው ግን ሰው ካልጮኸበት አይሰለፍም። ስለዚህ በ2079 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ውስጥ ለሰው ከቀሩት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ተራ ማስከበር ነው፤ ሃሴትም በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አረንጓዴ ሰደርያዋን ለብሳ ከጠዋት እስከ ማታ ትጮሃለች። ስሟ በታክሲው መስኮት ላይ ሲበራ መጀመሪያ ያየው ያው ወፍራሙ ሰውዬ ነው።

«እትዬ፣ ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሃሴት ዮሐንስ፣ የሚያዝያ ወር ተወያይ ይላል» አላት። ከዚያ እጅ ነሥቶ ወደ ኋላ ሄደና ተሰለፈ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሃሴት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟ እንዳይወጣ ስትሳል ኖራለች። ምርጫ የሚባለው ነገር ከቀረ ልክ ያን ያህል ጊዜ ሆኖታል። ማንም አልከለከለውም፤ ሰዉ ራሱ ነው የተወው። በዚያ ዘመን ምሁራን ስለ ፖለቲካና ስለ ዴሞክራሲ የጻፏቸውን አዳዲስ መጻሕፍት ይዘው በየሳምንቱ እየቀረቡ ሲጠየቁና ሲመልሱ ሰዉ ሥራውን ፈትቶ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻው ምርጫ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ይልቅ፣ በዚያው ዕለት ስለ ምርጫ ጥቅም የተጻፈ መጽሐፍ ላይ የተደረገውን ውይይት ያዳመጠው ሕዝብ አሥራ አንድ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ ባለሥልጣን «ታዲያ ለምን እንደክማለን?» ብለው ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አገር የሚተዳደረው በውይይት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምሁሩ መጽሐፍ ይጽፋል። ዕጣ የወጣለት አንድ ዜጋ በሕዝብ ስም ፊቱ ይቀመጣል። ያወራሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ስምምነትን ይቆጥራል፤ ራስ መነቅነቅን፣ «ልክ ነው» ማለትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ ሰው ሲያዳምጥ «እ!» ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ የሚያደርጋትን ነገር። አርባ ሲሞላ ደወል ይደወልና መጽሐፉ ደንብ ይሆናል። ሲጀመር አርባ ብዙ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን የተማረ ሰው ፊቱ ቁጭ ብሎ እየነገረው እንደ ግንድ ተገትሮ የሚያዳምጥ ሰው በዚህ አገር አልተወለደም። ነውር ነው፤ እናቱም አላስተማረችውም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሳያልፍ የቀረ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ የዚያን ዕለት ተወያዩ ብርቱ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ ነበር።

የአውቶቡስ ወንበሮች ፊት ለፊት ተያይተው እንዲቀመጡ የተደረገው በዚሁ መንገድ ነው፤ መንገደኛ እንዲመካከር። ያኔ ገና ሾፌር ነበርና የመጀመሪያውን ሳምንት የእሱም ወንበር ዞሮ ነበር። ዳቦ ቤቶችም ከዘጠኝ ክብ ዳቦ ጋር አንድ ባለ አራት ማዕዘን መጋገር ግዴታቸው ነው፤ ለአናሳው። አናሳውን ዳቦ የሚገዛ የለም። ሃሴት አንዳንዴ አንጀቷ አልችል ሲላት ትገዛዋለች።

መጽሐፉ በማግሥቱ ቤቷ ድረስ መጣላት። «ጎረቤት የሌለው ዜጋ» ይላል፤ ደራሲው ፕሮፌሰር አቤኔዘር ልሳኑ፣ አሥራ ሁለተኛ መጽሐፋቸው፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። አብሮት የመጣው ወረቀት «ማንበብ አይጠበቅብዎትም» ይላል። ሃሴትም የማንበብ ሐሳብ አልነበራትም፤ ያስነበበቻት ኢክራም ናት።

ኢክራም ለሠላሳ አንድ ዓመት የአጥር ጎረቤቷ ናት። ስድሳ ሰባት ሞልቷታል፤ ዓይኗን ግፊት ይዞት ጠዋትና ማታ ጠብታ ካልገባለት ይጨልማል ተብላለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ጠብታው ጉንጯ ላይ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ የምትጨምርላት ሃሴት ናት። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ኢክራም አጥሩን በማንኪያ ሁለቴ ታንኳኳለች፤ ነቅቻለሁ ማለቷ ነው። ሃሴት በአጥሩ ክፍተት ትገባለች። ክፍተቱን የከፈተችው ራሷ ኢክራም ናት፤ የሃሴት ባል የሞተ ክረምት፣ ከለቅሶው ማግሥት፣ መዶሻ ይዛ መጥታ አንዱን ቆርቆሮ ነቅላ ጣለችው። «በበሩ ዞሬ እስክመጣ ብቻሽን ታለቅሻለሽ» አለቻት። ቆርቆሮው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ኢክራም ማንበብ ካቆመች ወዲህ የሚነበብላት ነገር ሁሉ ደስ ይላታል፤ የመድኃኒት ወረቀትም ቢሆን። ሁለት ቀን ሙሉ እየሳቁ አነበቡ። ገጽ ሁለት መቶ አራት ላይ ሃሴት ማንበቧን አቆመች።

«ምነው?» አለች ኢክራም።

«የዜጋ ሐሳብ የሚበከለው በአጥር በኩል ነው ይላል። ሰው ጎረቤቱ ያሰበውን እያሰበ የራሱ ሐሳብ ጠፋ ይላል።»

«እና ምን ይሁን ይላል?»

«በየስድስት ወሩ ሰው ሁሉ በዕጣ ወደማያውቀው ሰፈር ይዛወር። ከድሮ ጎረቤቱ ጋር ለአሥር ዓመት አይገናኝ።»

«አሥር ዓመት» አለች ኢክራም። «ወላሂ፣ እኔ አሥር ዓመት የለኝም፣ ሃሴትዬ።»

ሃሴት መጽሐፉን ከደነችው። ጠብታው በኢክራም ጉንጭ ላይ ሲወርድ፣ የማታውቀው አዲስ ጎረቤት ደግሞ ሰዓቱን ረስቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ታያት፤ ፈራች። እንዲህ የፈራችው ባሏ ከሆስፒታል ሲመለስ ፊቱን ያየች ቀን ነው። «አላልፈውም» አለች። «አንዲት ትንፋሽ አልሰጠውም።»

«አብሽሪ፣ እናለማምድሻለን» አለች ኢክራም፤ ሙስባሃዋንም ለመቁጠሪያ አወጣች። «በይ አሁን አወራሻለሁ፤ ዝም ብለሽ ስሚ። የታች ሰፈሯ የሰሚራ ልጅ ቀለበት ያሰረላትን ያን ልጅ ትታው...»

«እ!» አለች ሃሴት።

«አንድ። አንቺ! ገና ማን ጋ እንደሄደች እንኳ አልነገርኩሽም።»

«ማን ጋ ሄደች?»

«ወንድሙ ጋ።»

«እ!»

«ሁለት።»

አፏን በውሃ ሞልታ ሞከረች፤ ሦስተኛው ወሬ ላይ ትን አላት። አፍንጫዋን በጥጥ ደፈነች፤ በአፏ ሳበችው። ስለማላውቀው ሰው አውሪልኝ አለቻት፤ ኢክራም ስለ አንድ የጎንደር ነጋዴ አወራቻት፤ ይኼኛውማ ባሰ። እስከ ምሽት ድረስ የሙስባሃው ፍሬ አልቆ እንደገና ተጀመረ።

«አንቺ ልጅ» አለች ኢክራም ፍሬዎቹን እየሰበሰበች፣ «አንቺ ተይው፣ ያለቀልሽ ነሽ።»

ውይይቱ የሚደረገው ተወያዩ ባለበት ከተማ ነው። ሚያዝያ አሥራ አራት ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የደሴ ውይይት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ፤ ያልገባውም ቤቱ ሆኖ ያዳምጣል። ኢክራም ቤቷ ቀረች። «እዚያ ካየሽኝ ታለቅሻለሽ፤ ለቅሶም ይቆጠር እንደሆነ አናውቅም» አለቻት።

ፕሮፌሰር አቤኔዘር ክፉ ሰው ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሃሴት ስትገባ ወገባቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው የተነሡ ሽማግሌ ናቸው።

«ወይዘሮ ሃሴት፣ ከዋናው ከተማ እዚህ ድረስ የመጣሁት እርስዎን ለማግኘት ነው» አሉ። «ጦሳን በባቡር መስኮት ሳየው አባቴ ስለዚህ ተራራ ያጫወተኝ ትዝ አለኝ።»

«እ!» አለች ሃሴት። ቆጣሪው አንድ አለ። ውይይቱ ገና አልተጀመረም ነበር።

ምላሷን ነከሰች። ተረከዟን በሌላው ጫማዋ ረገጠች። የታክሲ ተራውን፣ የመኪና ቁጥሮችን፣ የሞተ ባሏን ሸሚዞች በሐሳቧ ቆጠረች። ፕሮፌሰሩ ስለ ግለሰብ ነጻነት ሲናገሩ ስምንት ደረሰች። እናታቸው እንዴት አድርገው እንዳሳደጓቸው ሲናገሩ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ልብ ገቡ፤ ሰው ከጎረቤቱ ሐሳብ ሲላቀቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቆሞ የራሱን ድምፅ ይሰማል አሉ። ሃሴት በሙሉ ልቧ አልተስማማችም፤ ሳንባዋ ግን ተስማማ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ሰባት ላይ እንባዋ መጣ።

ፕሮፌሰሩ ውሃ ሊጠጡ ብርጭቆ አነሡ።

ሃሴት ሠላሳ ዓመት ታክሲ ተራ ላይ የኖረች ሴት ናት፤ ሰው ትንፋሽ የሚወስድባትን ቅጽበት አግኝታ አሳልፋ አታውቅም። «ፕሮፌሰር፣ የእርስዎ ጎረቤት ማን ነው?» አለች።

አዳራሹ ተንጫጫ። ፕሮፌሰሩ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀሩ። «ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ነው የምኖረው» አሉ። «እንግዲህ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው አለ። እሑድ እሑድ የሆነ ነገር ይቀጠቅጣል። አላውቀውም።»

«እኔ ጎረቤቴ ኢክራም ትባላለች» አለች ሃሴት፤ በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ላይ ያለው ሠላሳ ሰባት ጠፍቶ ዜሮ ሆነ።

ደንቡ እንዲህ ኖሯል፤ ተናጋሪ ሲለወጥ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ተናጋሪ ተለውጦ ስለማያውቅ ግን ማንም አላስታወሰውም። የቆጣሪው ሠሪዎች ደግሞ ትንፋሹ የማን እንደሆነ እንዲለይ አላደረጉትም፤ ምሁር ያዳምጣል ብሎ ያሰበ አልነበረምና። ሃሴት ይህን ሁሉ አታውቅም። ዜሮውን አየች፣ እስካወራሁ ድረስ ዜሮ ነው ብላ ገመተች፤ ውይይቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ሲሞላ ያበቃል። ሃያ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። ሃያ ሰባት ደቂቃ ማውራት ለሃሴት ምንም አይደለም።

ስለ መዶሻውና ስለ ቆርቆሮው አወራች። ፕሮፌሰሩ «እ!» አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ አጃ ሠርታ እንደምትወስድላት፣ ጨው እንደማታበዛባት፣ ኢክራም ግን ዞር ስትል ጨው እንደምትጨምርበት ነገረቻቸው። «እ!» አሉ፤ ፈገግም አሉ። ጠዋት በማንኪያ ሁለቴ ስለሚንኳኳው፣ አንድ ቀን ስላልተንኳኳው፣ እንዴት ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ገብታ ኢክራም ሶላት ላይ ሆና እንዳገኘቻት ነገረቻቸው። «እ!» ስለ ዓይኑ ጠብታ፣ ስለሚንቀጠቀጠው እጅ ተናገረች። «እሷ ዓይኗን ስትገልጥልኝ ታምነኛለች፣ ፕሮፌሰር። ሰው ዓይኑን ከፍቶ የሚሰጠው ለማን ነው?» አለች። ፕሮፌሰሩ አከታትለው ሦስቴ ሳቡ። አዋቂ ቢሆኑም የእናታቸው ልጅ ናቸው፤ ሴት አጠገባቸው ሆና የሆዷን ስትዘረግፍ ማቋረጥ አልሆነላቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

አምስት ደቂቃ ሲቀር ደወሉ ተደወለ። ሃሴት ሰዓቱ ያለቀ መስሏት «ተመስገን» አለች።

«ምን አጸደቅን?» ብለው ፕሮፌሰሩ ወደ ግድግዳው ዞሩ። አርባ ይላል። የአዳራሹ ጸሐፊ መጽሐፈ ደንቡን ሦስቴ አገላብጦ ተነሣና፣ ደወሉ ሲደወል እየተናገሩ የነበሩት ወይዘሮ ሃሴት ስለሆኑ የተናገሩት ሁሉ፣ ምንም ሳይቀነስ፣ የጎረቤት ደንብ ቁጥር 312 ሆኖ ጸድቋል ሲል አነበበ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ሃሴት ወደ ቤቷ የሄደችው በሩጫ ነው፤ ኢክራም አጥሩ ክፍተት ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነበር። ተቃቅፈው እንደ ልጅ ዘለሉ፤ በማግሥቱ ወገባቸውን አመማቸው።

ደንቡ ከግንቦት አንድ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። ማንኛውም ሰው ከጎረቤቱ ጋር ከሚያዋስነው አጥር አንድ ቆርቆሮ ይነቅላል፤ አጥር የሌለው አጥር ሠርቶ ይነቅላል፤ ፎቅ ላይ የሚኖር ግድግዳ ይበሳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በማንኪያ ሁለቴ ያንኳኳል። ጠዋትና ማታ የጎረቤቱ ዓይን ውስጥ ጠብታ ይጨምራል፤ ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ንጹሕ ውሃ ይጨመርለታል። ማክሰኞ አጃ ይወስዳል። ጎረቤቱም ዞር ሲልለት ጨው ይጨምርበታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ከተማው ሁሉ በአሥራ ሁለት ተኩል ሲንቀጫቀጭ የሰፈሩ ውሾች አንድ ላይ ያላዝናሉ፤ ሰዉ ዓይኑ እየረጠበ ሥራ ይገባል። ታክሲ ተራው ላይ ሰዎች ሃሴትን እጇን ይስሟታል። ፕሮፌሰር አቤኔዘርም ደብዳቤ ጻፉላት፦ «ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ኖሯል። እጁ አይንቀጠቀጥም። አሥራ ሦስተኛው መጽሐፌ ስለዚሁ ነው።»

ከዚያ ደንቡ መፈጸሙን የምትከታተል ተቆጣጣሪ መጣች። ቁርጥ ያለች፣ ትሑት ሴት ናት፤ ሰሌዳዋን ይዛ ጠዋትም ማታም ኢክራም በር ላይ ትቆማለች። ሃሴት ጠብታውን ስትጨምር ሰዓቱን ትመዘግባለች።

«ወይዘሮ ኢክራም፣ አገልግሎቱ በሰዓቱ ተሰጥቷል?»

«ተሰጥቷል።»

«ሁለቱም ዓይን?»

«ሁለቱም።»

ኢክራም በአውራ ጣቷ ትፈርማለች። ማክሰኞ ደግሞ ሃሴት አጃውን አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች፣ ኢክራም ጨው ትጨምራለች፣ ተቆጣጣሪዋ ሁለቱንም ትጽፋለች። በሰኔ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ሃሴት ዞራ ስትመለስ የጨው ዕቃው እንዳልተነካ ነው።

«ምነው?»

«አላሰኘኝም» አለች ኢክራም። ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን ስታነሣ ግን ቆንጥራ ጨመረችበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው ቀነሰ። ስለ ሰሚራ ልጅ የቀረውን ሃሴት የሰማችው ታክሲ ተራ ላይ ከሌላ ሰው ነው፤ ከወንድሙም ተለያይታለች። አንድ ቀን ማታ ጠብታው ገብቶ ሲያበቃ ኢክራም ፎጣውን ከፊቷ አነሣችና «አመሰግናለሁ» አለች።

ሃሴት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከኢክራም አፍ ሰምታው አታውቅም። «እጅሽ ከባድ ነው»፣ «አስረዘምሽው»፣ «ነይ ተቀመጪ» ነበር የምትሰማው። ቤቷ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ከፋት። መጽሐፉ ቢያልፍ ኖሮ ኢክራምን ወደ ሌላ ሰፈር ይወስዷት ነበር። አሁን ኢክራም እዚሁ አጥሩ ማዶ አለች፣ ጠዋትና ማታ ታያታለች፤ ናፈቀቻት ግን። በማግሥቱ ጠዋት ልትጠይቃት አሰበች፤ ተቆጣጣሪዋ ስላለች ዋጠችው።

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራውን ጥላ ሄደች። ተሳፋሪው ወዲያው ተተረማመሰ፤ ዞር ብላም አላየች። በአጥሩ ክፍተት አልገባችም፣ ክፍተቱ አሁን የደንቡ ነው፤ በመንገዱ ዞራ በዋናው በር መጣች። ምንም አልያዘችም። ኢክራም ደጃፉ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነው፤ የእግር ኮቴ ሰምታ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ማነው? ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም። እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ምንድን ነው ደግሞ? አጃው ማክሰኞ አልነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ደንቡ ምን ይላል?»

«ስለ ሐሙስ ምንም አይልም» አለች ሃሴት። «ስለ ሐሙስ አላወራሁላቸውም።»

«እና ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ሃሴት አሰበች። ሥራ እንደሌላት፣ የያዘችውም ነገር እንደሌለ፣ የምትነግራትም ወሬ እንደሌለ ታውቃለች። «ምንም» አለች። «ልቀመጥ።»

ኢክራም ለረጅም ጊዜ ወደ እሷ አቅጣጫ አየች፤ ምን ያህል እንደታያት አይታወቅም። ከዚያ ነጠላዋን ሰበሰበችና ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ አለች። ሃሴት አጠገቧ ተቀመጠች። ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ብዙ ቆዩ፤ ፀሐዩ ከደጃፉ ወርዶ እግራቸው ላይ ደረሰ። መንገድ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ኢክራም ዝም በይ እንደማለት ጉልበቷን ትይዛታለች።

«ሃሴትዬ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለሰው እንዳትናገሪ። ሐሙስንም ይወስዱብናል።»